«ጊሩ አልቋል» ሲሉዎት፦ የአሮጌ ናፍጣ ቴንደር ካምቢዮ ከማስቀየርዎ በፊት

በሐደራ፣ ናሕሊኤል ሰፈር የሚኖሩ አንድ አባት ለብዙ ዓመታት የሚተዳደሩት በአንድ አሮጌ የናፍጣ ቴንደር ነው። ጠዋት የሣር ማጨጃውንና መሰላሉን ጭነው ይወጣሉ፤ ማታ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ደፍተው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ማርሽ አልገባ አላቸው። በግድ ሲያስገቡት ይንገጫገጫል። እንደምንም ወደ አንድ ጋራዥ አደረሱት። ሠራተኛው መኪናውን አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ አንቀሳቀሰና «ሀጊር ጋሙር» አላቸው፤ ካምቢዮው አልቋል ማለት ነው። ዋጋው 9,000 ሼቅል ተባለ። በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ቀረበላቸው። አብሯቸው የነበረው የ13 ዓመት የልጅ ልጃቸው ብቻ ነው። እሱም «አባባ፣ እዚህ ጋ ፈርሙ እያሉ ነው» አላቸው።

እኒህ አባት አልፈረሙም። «ከልጄ ጋር ተማክሬ እመለሳለሁ» ብለው ወጡ። የኢንሹራንሳቸው ውል የጎታች መኪና አገልግሎት ስለነበረው ቴንደሩን ሌላ ጋራዥ አስወሰዱት። እዚያ የነበረው መካኒክ ከሥር ገብቶ ሲያይ ካምቢዮው ደኅና ነበር። ችግሩ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው የታችኛው ትንሽ ፓምፕ ነው፤ ፈሳሹን አፍስሶ ጨርሶታል። ፓምፑ በዕለቱ ተቀየረ። የከፈሉት ገንዘብ መጀመሪያ ከተጠየቁት አንድ ዐሥረኛውን እንኳ አልሞላም።

ታሪኩን ሰምተን ሳንጨርስ ደግሞ ተቃራኒው ደረሰን። ሌላ ወገናችን መካኒኩ «ካምቢዮው ውስጥ ድምፅ አለ» ቢላቸው «ሊበሉኝ ነው» ብለው ተጠራጠሩ፤ ፍሪሲዮን ብቻ አስቀይረው ወጡ። ሁለት ወር ሳይሞላ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ተሰባብሮ መኪናው ዕቃ እንደ ጫነ መንገድ ላይ ቆመ። ያው ሥራ እንደገና ተፈታ፣ የጉልበት ዋጋው እንደገና ተከፈለ።

አንደኛው ሳያስፈልጋቸው ሊከፍሉ ነበር፤ ሁለተኛው ሲያስፈልጋቸው ባለመክፈላቸው ሁለት ጊዜ ከፈሉ። ሁሉንም ማመን ያስከፍላል፤ ሁሉንም መጠርጠርም እንዲሁ። የሚያዋጣው ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት የታመመው የትኛው ክፍል እንደሆነ ማወቅና የተባለውን ሁሉ በጽሑፍ መያዝ ነው። በዚህ ዕትም ይህንኑ በዝርዝር እናያለን።

ካምቢዮና ፍሪሲዮን ምንና ምን ናቸው?

«ካምቢዮ»ና «ፍሪሲዮን» ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ቃላት ናቸው። እዚህ አገር ጋራዥ ውስጥ ካምቢዮው «ጊር»፣ በእጅ የሚቀየረው «ጊር ያዳኒ» ይባላል። ፍሪሲዮን ደግሞ «ክላች» ወይም «ማጽሜድ» ነው። እነዚህን ሦስት ቃላት ለይቶ መስማት ብቻውን ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ «ክላች» የተባለውን «ጊር» ብሎ የሚሰማ ሰው ስለ ሌላ ዕቃ ይስማማልና።

በእርሻ ምሳሌ እንየው። ሞተሩ በሬ ነው፤ ጎማው ማረሻ ነው። ፍሪሲዮን በሬውን ከቀንበሩ ለአፍታ የሚፈታና መልሶ የሚጠምድ እጅ ነው። ፔዳሉን ሲረግጡ ሞተሩ ከጎማው ይለያያል፤ ሲለቁት ይያያዛል። ካምቢዮ ደግሞ በብረት ቤት ውስጥ ያሉ ባለ ጥርስ መዘውሮች ስብስብ ነው። ዳገት ላይ ጉልበት፣ ሜዳ ላይ ፍጥነት እንዲያገኙ የሞተሩን ኃይል ያመጣጥናል። ሁለቱ ጎን ለጎን የተገጠሙ ስለሆኑ የአንዱ ሕመም የሌላውን ይመስላል። ማርሽ አልገባም ማለት የግድ ካምቢዮ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ በሬው ከቀንበሩ ስላልተፈታ ሊሆን ይችላል።

የናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ብዙ ጉልበት ያወጣል፤ ለጭነት የተመረጠውም ለዚህ ነው። ግን ያው ጉልበት የፍሪሲዮኑን ሸራና የካምቢዮውን ጥርስ ይጫናቸዋል። ስለዚህ እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ እንደ ኢሱዙ ዲ-ማክስና እንደ ሚትሱቢሺ ያሉ ለሥራ የሚውሉ ቴንደሮች ዕድሜያቸው ሲገፋ ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

ምልክቶቹን ለይተን እንወቅ

ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት የሚከተሉትን ራስዎ ወይም መኪናውን የሚነዳው ልጅዎ ይሞክራቸው። የመካኒክን ምርመራ አይተኩም፤ ነገር ግን ባዶ እጅዎን እንዳይገቡ ያደርግዎታል።

አንደኛ፦ ነዳጅ ሲረግጡ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም፤ ዳገት ላይ የተቃጠለ ሽታ አለ። ይህ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቆ እየተንሸራተተ መሆኑን ያሳያል። ካምቢዮውን አይመለከትም።

ሁለተኛ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሾቹ ሁሉ በቀላሉ ይገባሉ፤ ሞተሩ ሲነሣ ግን አንዱም አይገባም። ይህ ፍሪሲዮኑ በደንብ እንደማይለቅ ይናገራል። መጀመሪያ የፍሪሲዮን ፈሳሽ መያዣውን ይዩ። ከጎደለ የላይኛው ወይም የታችኛው ፓምፕ ያፈስሳል። የመጀመሪያው አባት ችግር ይኸው ነበር።

ሦስተኛ፦ አንድ ማርሽ ብቻ፣ ለምሳሌ ሁለተኛው ሲገባ ይንገጫገጫል፤ ሌሎቹ ደኅና ናቸው። ይህ ካምቢዮው ውስጥ ነው። ሁለቱን መዘውሮች ከመያያዛቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስማማው የነሐስ ቀለበት አልቋል።

አራተኛ፦ ማርሹ በመንገድ ላይ በራሱ ይወጣል። ይህም በአብዛኛው የካምቢዮ የውስጥ ሕመም ነው። ሆኖም ካምቢዮውን ከሻሲው ጋር የሚይዘው ጎማ ሲበጠስም ሊመጣ ስለሚችል እሱ ቀድሞ ይታይ።

አምስተኛ፦ ድምፅ አለ። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ያዳምጡ። ፔዳሉን ሳይረግጡ ድምፅ ካለና ሲረግጡት ከጠፋ፣ ካምቢዮው ውስጥ ያለ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ሳይረግጡት ጸጥ ብሎ ሲረግጡት ድምፅ ከመጣ ደግሞ ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ይህች ሙከራ ግማሽ ደቂቃ ትፈጃለች።

ስድስተኛ፦ የማርሹ እጀታ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ የትኛው ማርሽ የት እንዳለ አይታወቅም። በብዙ አሮጌ ቴንደሮች ይህ ከእጀታው ሥር ያለች ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት ስታልቅ የሚመጣ ነው። ርካሽ ናት፤ ካምቢዮ ሳይወርድ ትቀየራለች።

ከነዚህ አንዱን ሲያገኙ ወረቀት ላይ ይጻፉት ወይም ድምፁን በስልክዎ ይቅዱት። ጋራዥ ሲደርሱ «ጊሩ ተበላሽቷል» አይበሉ። «ሞተሩ ሲነሣ ማርሽ አይገባም፤ ሲጠፋ ይገባል» ይበሉ። የሕመሙን ስም መካኒኩ ያውጣ፤ የእርስዎ ድርሻ ምልክቱን መናገር ነው።

ዘይቱ ይመሰክራል

ካምቢዮ ከሞተሩ የተለየ የራሱ ዘይት አለው። «ካምቢዮው አልቋል» ከተባሉ፣ ዘይቱ በንጹሕ ዕቃ ተቀድቶ እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። ማፍሰሻ ብሎኑ ጫፍ ላይ ማግኔት ካለ፣ በላዩ እንደ ጭቃ የሆነ ጥቂት ግራጫ ልጥፍ ቢኖር አያስደነግጥም፤ የዕድሜ ነው። በጣት የሚዳሰስ የብረት ስብርባሪ ወይም የጥርስ ቁራጭ ከተገኘ ግን ውስጡ ተጎድቷል። ወርቅማ ብናኝ ብዙ ካለ የነሐሱ ቀለበት እያለቀ ነው። ዘይቱ ከነጭራሹ ጥቂት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ቦታው ካልተደፈነ አዲሱም ካምቢዮ በዚያው ይጠፋል።

ሥራው ለምን ይወደዳል?

ብዙ አንባቢዎቻችን «ዕቃው ይህን ያህል፣ ጉልበቱ ደግሞ ይህን ያህል ለምን ሆነ?» ይላሉ። ካምቢዮ ሲቀየር የሚደረገውን እንዘርዝር። ባትሪው ይነቀላል፤ መኪናው ወደ ላይ ይነሣል፤ ዘይቱ ይቀዳል። ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው ረጅም ዘንግ ይወርዳል። መኪናው በአራቱም ጎማ የሚጎትት ከሆነ የፊቱም ዘንግ ይወርዳል፤ ኃይሉን የሚያከፋፍለው ሁለተኛው ካምቢዮም አብሮ ይፈታል። የማርሹ እጀታ ከውስጥ ይወጣል። የኋላ ማርሽ መብራትና የፍጥነት መቁጠሪያ ሽቦዎች፣ የፍሪሲዮኑ ፓምፕና ሞቶሪኖው ይለያያሉ። ከዚያ ሞተሩ ከሥር ተደግፎ፣ ከ40 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችለው ካምቢዮ በልዩ ክሪክ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ እየተሳበ ይወርዳል። አዲሱ የሚገባው በዚያው መንገድ ተመልሶ ነው። ለአንድ ጥሩ መካኒክ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ቢፈጅ የሚያስገርም አይደለም።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይከተላል። የፍሪሲዮን ሸራ፣ ሸራውን የሚጫነው ሳህንና ኩሽኔታው ያሉት በካምቢዮውና በሞተሩ መካከል ነው። እነሱን ለማግኘት ካምቢዮው መውረድ አለበት። ስለዚህ መካኒኩ «ካምቢዮውን ካወረድን አይቀር ፍሪሲዮኑንም እንቀይር» ቢልዎ ማታለል ነው ብለው አይደምድሙ፤ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ምክር ነው። የሞተሩን የኋላ ዘይት የሚይዘው ጎማም በዚያው ጊዜ ይታይ። ዕቃው ርካሽ ሆኖ ሳለ ብቻውን ለመቀየር ግን ያው ሙሉ የጉልበት ዋጋ ይጠይቃል። የሚጠየቀው ጥያቄ «የድሮውን ሸራ ያሳዩኝ፤ ምን ያህል ቀርቶታል?» የሚል ነው። ቮላኖውም ይታይ፤ በአንዳንድ የናፍጣ መኪኖች ባለ ሁለት ክፍል ስለሆነ ዋጋው ከፍ ይላል። ያስፈልጋል ከተባሉ ምክንያቱን በዐይንዎ ይዩ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከሕንፃው ሥር፣ በመኪናው የጎማ መቀየሪያ ክሪክ ብቻ ካምቢዮ ለማውረድ የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ። ያ ክሪክ ሰው ከሥር እንዲገባ አልተሠራም። ጥቂት መቶ ሼቅል ለማትረፍ ነፍስ ለአደጋ አይሰጥም።

አራቱ ምርጫዎች

ካምቢዮው በእርግጥ መጎዳቱ ከታወቀ አራት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የራስዎን ካምቢዮ አስፈትቶ የተጎዳውን ብቻ መቀየር ነው። አንድ ኩሽኔታ ወይም አንድ ቀለበት ብቻ ከሆነ ይህ ያዋጣል፤ ነገር ግን ካምቢዮ ገጥሞ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል። ሁለተኛው «መሹፓጽ» የሚባለው፣ ታድሶ የተገጠመ ካምቢዮ ነው። ዋጋው ብዙ ጊዜ የድሮውን ካምቢዮ እንደሚያስረክቡ ታስቦ የተተመነ ስለሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ሦስተኛው «መሹማሽ»፣ ከፈረሰ መኪና የወጣ ያገለገለ ካምቢዮ ነው። ርካሽ ነው፤ ግን ውስጡን ማንም አያይለትም። አራተኛው አዲስ ነው፤ ለአሮጌ መኪና ብዙም አያዋጣም።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ከየት እንደመጣ ማወቅ ግዴታ አድርገው ይያዙት። የመኪና ስርቆትን ለመከላከል ሲባል እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1998 ያገለገሉ የመኪና ዕቃዎች እንቅስቃሴ እንዲመዘገብ የሚያዝ ሕግ አውጥታለች። ስለዚህ ፈቃድ ካለው ነጋዴ፣ በደረሰኝ፣ ዕቃው ከየትኛው መኪና እንደወጣ ተጽፎ ይግዙ። ሌሊት በስልክ ተደራድሮ በመንገድ ዳር የሚመጣ ርካሽ ካምቢዮ ነገ ፖሊስ ጣቢያ ሊያስጠራ ይችላል።

ሌላው ጥንቃቄ መግጠሙ ነው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ቴንደሮች የተለያየ ካምቢዮ ሊኖራቸው ይችላል። የሞተሩ ዓይነት፣ የተሠራበት ዓመት፣ በሁለት ወይስ በአራት ጎማ የሚጎትት መሆኑ፣ የማርሾቹ ብዛት ሁሉ ይለያያሉ። የመኪናውን ፈቃድ፣ «ሪሽዮን ሬኼቭ» የሚሉትን፣ ይዘው ይሂዱ፤ የሻሲ ቁጥሩና የሞተሩ ዓይነት እዚያ ላይ አለ። «በዚያው አውቶማቲክ ላድርግልህ» የሚል ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመኪናውን አሠራር መለወጥ ስለሆነ ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሳይጠይቁ አይስማሙ።

ማስቀየሩ ያዋጣል ወይ?

በቁጥር እናስላው። ለምሳሌ ቴንደሩ በሌዊ ይጽሐቅ የዋጋ ዝርዝር 18,000 ሼቅል ያወጣል እንበል። ጋራዡ 8,000 ሼቅል «ፕሉስ መዓም» አለ። መዓም ከጥር 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ስለሆነ 1,440 ይጨመራል፤ ድምሩ 9,440 ሼቅል ነው። ከመኪናው ዋጋ ግማሹን አለፈ ማለት ነው። ለግል ሸማች የሚነገረው ዋጋ መዓሙን ያካተተ ጠቅላላ ዋጋ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ሁልጊዜ «ኮሌል መዓም?» ብለው ይጠይቁ።

ከግማሽ በላይ ሲሆን ቆም ይበሉ እንጂ ወዲያው መኪናውን አይጣሉ። መኪናው የእንጀራ ገመድዎ ከሆነ ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። ሞተሩ ጤነኛ ነው ወይ? በሚቀጥለው ቴስት ፍሬንና ሻሲው ያልፋሉ ወይ? በዚያው ገንዘብ የሚገዙት ሌላ አሮጌ ቴንደር ካምቢዮው ከዚህ የተሻለ ስለመሆኑ ማን ዋስ አለ? የሥራዎ ቦታስ የት ነው? ሐይፋና ኢየሩሳሌም ብዙ ጭስ የሚያወጡ አሮጌ የናፍጣ መኪኖች እንዳይገቡ የሚገድቡባቸው ቀጠናዎች አሏቸው። ከሐደራ ወደ ሐይፋ እየተመላለሱ የሚሠሩ ከሆነ፣ ቴንደርዎ መግባት መቻሉን ሳያጣሩ 9,000 ሼቅል አያፍስሱበት።

ከመፈረምዎ በፊት

እስራኤል ውስጥ ጋራዥ የሚሠራው ከሚስራድ ሀታሕቡራ፣ ከትራንስፖርት ሚኒስቴር፣ በተሰጠ ፈቃድ ነው። የ2016ቱ የመኪና አገልግሎቶች ሕግ ይህን ይደነግጋል። ፈቃዱ ግድግዳው ላይ መኖሩን ይዩ። ከዚያ የዋጋ ማቅረቢያውን፣ «ሀጻዓት መሒር» የሚሉትን፣ በጽሑፍ ይጠይቁ። በውስጡ እነዚህ ይኑሩ፦ የሚቀየረው ዕቃ ስምና ዓይነቱ፤ አዲስ፣ መሹፓጽ ወይስ መሹማሽ መሆኑ፤ የዕቃው ዋጋ ለብቻ፣ የጉልበቱ ዋጋ ለብቻ፤ መዓሙን ጨምሮ ድምሩ፤ የሚያልቅበት ቀን፤ ዋስትናው፣ «አሕራዩት» የሚሉት፣ ስንት ወርና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ። ዋስትናው የዕቃውን ብቻ ነው ወይስ የጉልበቱንም? ይህን ጥያቄ አይርሱ። ያገለገለው ካምቢዮ ቢበላሽ ዕቃውን በነጻ ይሰጡዎትና የማውረጃና የመግጠሚያውን እንደገና ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

«ካየሁት ዋጋ በላይ የሚጨምር ነገር ካለ ሳልፈቅድ አይሠራም» የምትል አንዲት መስመር ያስጽፉ። የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎችም እንዲመልሱልዎ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው። በዕብራይስጥ «አኒ ሮጼ ኤት ሀሐላኪም ሀየሻኒም» ይበሉ፤ ሴት ከሆኑ «አኒ ሮጻ» ይሆናል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ያልተቀየረን ዕቃ «ቀየርን» የሚልን ሰው ሁለት ጊዜ ያሳስበዋል።

አሁን ወደ 13 ዓመቱ ልጅ እንመለስ። ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን ቋንቋውን ያውቃሉ፤ ስለ ካምቢዮና ስለ ውል ግን አያውቁም። ስሕተት ቢፈጠር ልጁ «በእኔ ምክንያት አባባ ተበሉ» ብሎ ይሸከመዋል። ስለዚህ ለሰላምታና ለመንገድ ይርዱን፤ ለፊርማ ግን ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ይምጣ። የሚመጣ ከሌለ የወረቀቱን ፎቶ አንሥተው ወደ ቤት ይዘው ይሂዱ። ዛሬ ካልፈረሙ ነገ ዋጋው ይጨምራል የሚልን ነጋዴ ይጠንቀቁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ጥርጣሬ ከቀረዎት ወደ ሁለተኛ ጋራዥ ወይም መኪና የሚመረምሩ ተቋማት፣ «ማኾን ብዲካ» ወደሚባሉት ይውሰዱት። የምርመራ ዋጋ ይከፍላሉ፤ ካምቢዮ ያለ ጥፋቱ ከመቀየር ግን ይረክሳል።

ጠብ ቢነሣስ?

ጋራዡ ከተስማማችሁት በላይ ቢጠይቅ በቁጣ ቁልፍ ነጥቆ መውጣት አይጠቅምም። ጋራዥ ለሠራው ሥራ እስኪከፈለው ድረስ መኪናውን መያዝ ይችላል። መኪናው ለሥራ አስቸኳይ ከሆነና መክፈል ግድ ከሆነብዎ፣ ደረሰኙ ላይ «ታሐት መሐአ»፣ ማለትም «በተቃውሞ ከፍያለሁ» ብለው ጽፈው ይፈርሙ፤ ፎቶም ያንሡት። በጥሬ ገንዘብ ያለ ደረሰኝ አይክፈሉ። «ያለ ሔሽቦኒት ከሆነ እቀንስልሃለሁ» የሚለው ቅናሽ ነገ ማስረጃ የሚያሳጣ ቅናሽ ነው።

ከዚያ ቅሬታዎን ለጋራዡ ኃላፊ በጽሑፍ ይስጡ። ካልተመለሰልዎ ለትራንስፖርት ሚኒስቴር ማመልከት፣ ከእስራኤል የሸማቾች ምክር ቤትም ምክር መጠየቅ ይቻላል። መጨረሻው መንገድ የትናንሽ ክሶች ፍርድ ቤት፣ «ትቪዖት ክታኖት» ነው። ወደ 40,000 ሼቅል እስከሚጠጋ ገንዘብ ድረስ ይከሰሳል፤ ጣሪያው በየጊዜው ይስተካከላል። የመክፈቻ ክፍያው ከሚጠየቀው ገንዘብ 1 በመቶ ነው፤ ጠበቃ አያስፈልግም። ዳኛው የሚያየው ወረቀት ነው፦ የዋጋ ማቅረቢያው፣ ደረሰኙ፣ ፎቶው፣ የሁለተኛው ጋራዥ ጽሑፍ። ለዚህ ነው ከላይ ጀምረን ወረቀት፣ ወረቀት ስንል የቆየነው።

ከተቀየረ በኋላ

መኪናውን ሲረከቡ ከመካኒኩ ጋር ሆነው ይንዱት። ሁሉም ማርሽ፣ የኋላውም ጭምር፣ ይሞከር። የኋላ ማርሽ መብራትና የፍጥነት መቁጠሪያው ይሠሩ እንደሆነ ይዩ፤ ሽቦ ሳይገጠም የሚረሳ አለ። ማታ መኪናውን ካርቶን ላይ ያቁሙት፤ ጠዋት ጠብታ ካለ ይመለሱ። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነት አይጫኑ።

ዘይቱ ላይ ትኩረት ያድርጉ። በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈው ዓይነት ብቻ ይግባ። «ጂ ኤል 4» የሚፈልግ ካምቢዮ ውስጥ «ጂ ኤል 5» ማስገባት የነሐሱን ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል። ደረሰኙ ላይ የዘይቱ ዓይነት እንዲጻፍ ያድርጉ።

ነጂውም ድርሻ አለው። እጅን የማርሹ እጀታ ላይ ጭኖ መንዳት፣ እግርን ፍሪሲዮን ፔዳል ላይ አሳርፎ መሄድ፣ ዳገት ላይ ፍሬን ትቶ በፍሪሲዮን መቆም፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም የኋላ ማርሽ ማስገባት፣ ከተፈቀደው በላይ መጫን፤ እነዚህ አምስቱ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ይበላሉ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የጠብታ ዘይት ምልክት ሲታይ መሄድ ካምቢዮ ከማስወረድ ያድናል።

ለወላጆች አንድ ቃል

ዛሬ ብዙ ልጆች መንጃ ፈቃዳቸውን የሚያወጡት በአውቶማቲክ መኪና ነው። ፈቃዱ ላይ ያ ገደብ ከተጻፈ ልጁ የአባቱን የእጅ ማርሽ ቴንደር መንዳት አይፈቀድለትም። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል። «እስከ ሱቁ ብቻ» ብለው ቁልፍ ከመስጠትዎ በፊት ፈቃዱን ይዩ።

የእጅ ማርሽ መኪና እየቀነሰ መሄዱ ሌላም ነገር ይነግረናል። ካምቢዮ ፈትቶ መግጠም የሚያውቅ ሰውም አብሮ እየቀነሰ ነው፤ የሥራ መኪኖቹ ግን ገና መንገድ ላይ ናቸው። እጁ ብረት የሚወድ ልጅ ካለዎት የመኪና መካኒክ ትምህርት ቀላል የሚባል ሙያ አይደለም። ማዳመጥ፣ መለካት፣ ምክንያቱን ከምልክቱ መለየት ይጠይቃል። የናሕሊኤሉን አባት 9,000 ሼቅል ያተረፈላቸውም ከሥር ገብቶ ለማየት ዐሥር ደቂቃ የሰጠ አንድ እንዲህ ያለ ባለሙያ ነው። እሳቸውም ቴንደራቸውን ይዘው በማግሥቱ ጠዋት ሥራ ገብተዋል።